ዳገቱ ላይ የተወጠረው ገመድ

ባለፈው ሳምንት ልጄ አዲስ የገዛትን መኪና ሊያሳየኝ ከደሴ መካነ ሰላም ድረስ መጣ። ወንበሩን ዳሰስኩ፣ መረቅኩት፣ ከዚያ የኋላውን ዕቃ መጫኛ አስከፈትኩት። ከትርፍ ጎማና ከአንዲት ጃንጥላ በቀር ባዶ ነው።

«ገመድህስ? አካፋህስ?» አልኩት።

«እማ፣ አሁን እኮ ስልክ አለ» ብሎ ሳቀ።

«ስልኩ ሰው ይጠራልህ ይሆናል። ሰው እስኪደርስ ግን ያለህ መኪናህ ውስጥ ያለው ነው።» አጠገቤ አስቀመጥኩትና ይህን አወራሁለት።

ገና ሙሽራ ነበርኩ። እኔ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ሰይድ ጨርቅ ይነግዳል፤ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ለሱቁ ዕቃ ልናመጣ ወደ ደሴ ተነሳን። ማልጄ አንድ የእንጨት ሳጥን ሞላሁ፦ ወፍራም ገመድ፣ አካፋ፣ ባዶ ጆንያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ብርድ ልብስ፣ ፋሻ፣ በጀሪካን ውሃ፣ የሽምብራ ቆሎ። ፈርቼ አይደለም። መሰናዳት ያኔም ዛሬም ደስ ይለኛል።

«መንገድ ላይ ሱቅ ልንከፍት ነው እንዴ?» አለ ሰይድ ሳጥኑን እያየ።

«ዝም ብለህ ጫን» አልኩት። ጫነ።

የለጋምቦ ደጋ ላይ ስንደርስ በረዶ ዘንቦ ገና ማባራቱ ነበር። ሜዳው ነጭ ሆኗል፣ የገብሱ ማሳ ተኝቷል፤ በመስኮት የሚገባው ብርድ ርጥብ አፈርና የተቀጠቀጠ ቅጠል ይሸታል። አንድ የዳገት መታጠፊያ እንዳለፍን አንድ ጎልማሳ ደም የሚንጠባጠብ እጁን እያውለበለበ አስቆመን። ከኋላው አንድ ላንድክሩዘር በበረዶው ተንሸራቶ አንዱ የፊት ጎማው ከገደሉ አፋፍ ውጭ ተንጠልጥሏል። እሱ ዘሎ ሲወጣ ድንጋይ እጁን ሰንጥቆታል።

«እናቴ ውስጥ ናት! በተነቃነቀች ቁጥር መኪናው ወደ ገደሉ ያዘነብላል!» አለ።

ሰይድ ገመዱን ከላንድክሩዘሩ የኋላ መንጠቆ ወደ እኛ መኪና አሰረ። ወደ ኋላ ሊስብ ሲሞክር ግን ጎማችን በበረዶው ላይ ዝም ብሎ ተሽከረከረ። አካፋውን አንስቼ በረዶውን ጠረግኩ፣ ጆንያውን ከጎማው ሥር አነጠፍኩ።

«አሁን! ቀስ!»

ገመዱ ተወጠረ። ላንድክሩዘሩ መወዛወዙን አቆመ።

በተከፈተው የሹፌር በር እስከ ደረቴ ገባሁ። አሮጊቷ በወዲያኛው ወንበር፣ በገደሉ በኩል፣ አንዲት ዶሮ አቅፈው ደርቀው ተቀምጠዋል።

«አብሽሩ እናቴ። ወደ እኔ ብቻ ይመልከቱ፣ እጅዎን ይስጡኝ።»

«ዶሮዋስ? ለወለደች ልጄ እኮ ነው የምወስዳት!»

«እንግዲያው መጀመሪያ እሷን ይስጡኝ።»

ዶሮዋን ውጭ ለቆመው ልጃቸው አቀብዬ ተመለስኩና ሁለት እጃቸውን ያዝኩ። ወንበሩን እየተንፏቀቁ ሲመጡ ገመዱ ሲጢጥ ይላል። መሬት ሲረግጡ እላዬ ላይ ወደቁ፤ ጭቃው ላይ አብረን ተቀመጥን። አንገቴን አቅፈው «ማህፀንሽ ይባረክ፣ ማህፀንሽ ይባረክ» እያሉ አልለቅ አሉ።

ብርድ ልብሱን ደረብኩላቸው፣ የልጃቸውን እጅ አጥቤ በፋሻ አሰርኩ። ከዚያ ሁላችንም ቆሎ እየቆረጠምን የሚያግዘን ሰው ጠበቅን። ብዙ ሳይቆይ ሠራተኞች የጫነ የጭነት መኪና ደረሰ፤ ወንዶቹ ተረባርበው ላንድክሩዘሩን ወደ መንገዱ መለሱት። አሮጊቷ ዶሯቸውን ይዘው ወደ አራሷ ቀጠሉ።

ደሴ ስንገባ ሰይድ ወደ ጨርቅ ተራው አልሄደም፤ በቀጥታ ገመድ ሻጭ ደጃፍ ላይ አቁሞ ከእኛው የበለጠ ወፍራም መረጠ። እኔም ትንሽ ብቻ ሳቅኩበት።

መንገዱ ዛሬ ተሻሽሏል፤ የለጋምቦ በረዶና ጉም ግን ያው ነው። ያን ሳጥን የሞላሁት ለራሴና ለባሌ ብዬ ነበር፤ ከውስጡ ለእኛ የዋለው ግን አንድ ሁለት ጭብጥ ቆሎ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ለመንገድ ስሰናዳ የማስበው የማላውቀውን ሰው ነው። በየትኛው መታጠፊያ እንደሚጠብቀኝ አላውቅም። ባዶ እጄን እንደማልደርስለት ግን እርግጠኛ ነኝ።