ስልኬን የምዘጋበት እሑድ

ሥራዬ ማተሚያ ቤት ጽሑፍ መተየብ ነው። ቀን ኮምፒውተር፣ ማታ ስልክ። ዐይኔ በርበሬ መስሎ ሐኪም ዘንድ ስሄድ፣ «በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ከስክሪን ራቂ» አለኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ለካ ሐኪሙ ዘመዶቼን አያውቃቸውም።

እሑድን መረጥሁ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኬን አጥፍቼ ቁም ሣጥን ውስጥ እከተዋለሁ፤ እስኪመሽ አልነካውም። በመጀመሪያው እሑድ ገና አረፍ ከማለቴ ጎረቤቴ በሩን ደበደበች። የራሷን ስልክ ዘርግታ፣ «እህትሽ ናት፤ እንኪ አናግሪያት» አለችኝ። ይፋግ ከተማ ያለችው ታላቅ እህቴ ናት።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኋት።

«እኔማ ደኅና ነኝ። አንቺ ምን ሆነሽ ነው ስልክሽ የተዘጋው?»

አስረዳኋት። «በቃ፣ ገባኝ» አለች። በሚቀጥለው እሑድ ባለቤቴ ዘንድ ደወለች። እሱም እየሳቀ፣ «የስልክ ጾም ላይ ናት፤ ቆይ ላገናኝሽ» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈው።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። ባለቤቴ የጓደኛው ልጅ ክርስትና ነው ብሎ በጀልባ ወደ ደቅ ደሴት ተሻገረ። እዚያ ኔትወርኩ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። እኔም ስልኬን አጥፍቼ ወደ ጣና ሐይቅ ዳር ወረድሁ። ውኃው ዳር ከበቀለው ደንገል አጠገብ ተቀምጬ ታንኳ የሚቀዝፉትን ስመለከት ዐይኔን ማሸት ተውሁ። ትንሽ ቆይቶ ዋርካው ሥር እንቅልፍ ወሰደኝ። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከተኛሁ ስንት ጊዜዬ!

አመሻሽ ላይ ፋሲሎ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ስመለስ በራችን ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጎረቤቴን ክንዷን ይዤ፣ «ማን ሞተ?» አልኋት። ዞር ብላ አየችኝና ጮኸች።

ጩኸቷን ሰምታ እህቴ ከግቢው ወጣች። ፊቷ በእንባ አብጧል።

«አንቺ! አለሽ?»

«የት እሄዳለሁ?»

«ስልክሽስ?»

«ዐይኔን ላሳርፍ ብዬ ዘጋሁት። ነግሬሽ የለም እንዴ?»

«የእኛን ነፍስ አውጥተሽ ዐይንሽን ታሳርፊያለሽ!»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የእኔ ስልክ ዝግ፣ የባለቤቴም አይሠራም። ጎረቤቴ «እሱ ደቅ ሄዷል» ስትላት፣ እህቴ አብሬው እንደሄድሁና ጀልባው እንደሰጠመ በራሷ ደመደመች። አክስታችንን አስከትላ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ እያስለቀሰች ባሕር ዳር ገባች።

አክስቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ተያት እንጂ» አሏት። «ድሮ ሰው ወር ሙሉ ድምፁ ቢጠፋ ማን ያለቅስ ነበር?»

«ታዲያ እርስዎ ለምን አለቀሱ?» አልኋቸው።

«እህትሽ እያለቀሰች ዝም ብዬ ልያት?»

ለቀስተኛው ሁሉ ገብቶ ራት በላ። የበሰለው አልበቃ ብሎ እንደገና ወጥ ሠራሁ። ባለቤቴ በማግስቱ ፀሐይ አጥቁሮት፣ ደስ ብሎት ገባ። «እንዴት ያለ ዕረፍት ነበር!» አለ። ያልታጠበውን ድስት አስታቀፍሁት።

ግን የእሑድ ዕረፍቴን አልተውሁም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ለዘመድ ሁሉ እየደወልሁ፣ «ነገ ስልኬ ይዘጋል፤ አልሞትሁም» እላለሁ። አንዱ ሰላምታውን ያስረዝማል፣ ሌላው ሕመሙን ይዘረዝራል። እሑድ ከመድረሱ በፊት ይደክመኛል።

አክስቴ ያን ሳምንት እኛው ዘንድ ሰነበቱ። በቀጣዩ እሑድ፣ «እኔም ከአንቺ ጋር ልረፍ» ብለው ሐይቁ ዳር አብረውኝ ወረዱ። ገና ሳንቀመጥ ጉያቸው ውስጥ የደበቁት ስልክ ጮኸ። አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው በቪዲዮ ነው። ስልኩን ወደ ውኃው አዙረው፣ «እየው የኔ ጌታ፣ ጣና ነው! አየኸው?» ይላሉ። ከዚያ ወደ እኔ አዞሩት። «ይቺውልህ፣ የሞተችው!»

እጄን አውለብልቤለት ተነሣሁና ራቅ ብዬ ተቀመጥሁ። ድምፃቸው እዚያም ይሰማል።