ሃይድሮጅንና የቆጣሪው ዜሮ

አዲሱ ገበያ ካለው ነዳጅ ማደያ ሥራ የጀመርኩ ቀን ባለቤቱ ሐጂ ሰይድ ነዳጅ አላስነኩኝም። እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚደርስ ሰማያዊ ጋውን አልብሰው ማሽኑ ፊት አቆሙኝ። «በይ እንግዲህ፣ ደንበኛ መጣ። ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

«ምን ያህል ልቅዳ?»

«ኧረ ወዲያ! መጀመሪያ ዜሮውን አሳዪ። ቆጣሪው ዜሮ ላይ መሆኑን ደንበኛው በዓይኑ ሳያይ ቱቦውን እንዳታነሺ። ዜሮ የማያሳይ ቀጂ ሌባ ነው። ባይሰርቅም ሌባ ነው።»

ሰው ለሌለበት ግቢ «ዜሮ ይመልከቱ» ስል አረፈድኩ። ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው እውነተኛ ደንበኛዬ መጣ፤ ታደለ የሚባል የሽሮ ሜዳ ሚኒባስ ሾፌር። «ዜሮ ይመልከቱ» አልኩት። «ምነው እህቴ፣ ኪሴን ፈተሽሽው እንዴ?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬ እዚያው ግቢ አለቀ። ከቀጂነት ወደ ፈረቃ ኃላፊነት አደግኩ። ዕድገት እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ማዕረጉ ይጨመራል፣ ቱቦው ግን ከእጅ አይወርድም። ጠዋት ጠዋት የመሬት ውስጡን ታንከር ክዳን ከፍቼ ረጅሙን መለኪያ ዘንግ እየሰደድኩ የተረፈውን ነዳጅ እለካለሁ። ስልክ እያወራ የሚገባውን እቆጣለሁ። ሲጋራ የያዘ ካየሁማ ጩኸቴ ጳውሎስ ድረስ ይሰማል።

ነዳጅ የሚጠጣ አዲስ መኪና አገር ውስጥ አይገባም ከተባለ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ፤ ሰልፉ ብቻ አልተለወጠም። ታደለ ሚኒባሱን ሸጦ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ማደያ መምጣቱን ግን አልተወም። ጎማ ሊያስነፋ ይገባና ሰልፈኛውን ከላይ እስከ ታች እያየ፣ «እንዴት ነው፣ ቤንዚን ገባ?» ይለኛል።

«አንተ ምን አገባህ?»

«ለወገን አዝኜ ነው።»

ደሜ ይፈላ ነበር። ይበልጥ የሚያናድደኝ ትክክል መሆኑ ነው። እሱ ማታ ቤቱ ይሰካል፣ ጠዋት ይነዳል። እንደሱ ያለው ሲበዛ እኛ ስድስት ቀጂዎች ምን ልንበላ ነው?

የሐጂ የወንድም ልጅ ኢንጂነር አንዋር ኮሌጅ ያስተምራል። አንድ ቀን ሰልፍ ሲሰለቸው ከመኪናው ወርዶ፣ «እትዬ ጥሩነሽ፣ መጪው ጊዜ የሃይድሮጅን ነው» አለኝ። መብራት ውሃን ሲሰነጥቀው ጋዙ ይወጣል፤ ጋዙ ታምቆ መኪና ውስጥ ይገባል፤ በጭስ ማውጫው የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ነው። ባትሪ እስኪሞላ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም፣ በደቂቃዎች ሞልቶ መሄድ ነው አለ።

«በምንድን ነው የሚሞላው?» አልኩት።

«በቱቦ።»

«እንደዚህ ባለ ቱቦ?»

«ትንሽ ወፈር ይላል እንጂ፣ አዎ። ግፊቱ ኃይለኛ ስለሆነ የሠለጠነ ሰው ያስፈልገዋል።»

በቃ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሃይድሮጅን ጠበቃ ሆንኩ። ኬሚስትሪ ትምህርት ቤት ወድቄበታለሁ፤ ቱቦ ማለት ምን እንደሆነ ግን አሳምሬ አውቃለሁ።

ሰልፈኛ ክርክር ይወዳል፣ ምን ሥራ አለው። ታደለ ጎማውን እያስነፋ ይጀምራል። «ውሃ ከየት ልታመጡ ነው? እኛ ሰፈር ውሃ በተራ ነው የሚመጣው። እኔ ሳልታጠብ ወጥቼ መኪናዬ ውሃ ትጠጣ?»

«አንተስ መብራት ሲጠፋ?»

«እህቴ ቤት ሄጄ እሰካለሁ።»

«እዚያም ከጠፋ?»

«ያኔ እጸልያለሁ።»

ከኋላ የተሰለፈች ሴትዮ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ የታመቀ ጋዝ ላይ ተቀምጬ አልነዳም፣ ፈንጂ እኮ ነው!» አለች። ሰልፉ ውስጥ የነበረው አንዋር ዘወር ብሎ፣ «አሁን የተቀመጡበት ቤንዚን ምን መሰለዎት፣ ጸበል?» አላት። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ልጁ ሐቀኛ ስለሆነ ግን ቀጠለበት፤ ሃይድሮጅን ሲያፈስ ሽቅብ ወጥቶ ይበተናል፣ ከተቀጣጠለ ግን ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም አለ። የመጀመሪያውን ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ። ሁለተኛውን ለማንም አልደገምኩም።

ሐጂ መወሰን ነበረባቸው። የመሬት ውስጡ ታንከር አርጅቷል፤ ወይ ይቀየራል ወይ ተቆፍሮ ይወጣል። አንዋር ግቢው ለሃይድሮጅን ይዘጋጅ፣ ያለዎትን ጥሪት ሁሉ እዚያ ላይ ያውሉት አላቸው። ታደለ ማንም ሳይጠይቀው የኤሌክትሪክ መሰኪያ ይተከል አለ። ሐጂ ሦስታችንንም ቢሮ ጠሩን። «ጥሩዬ፣ ሰልፉን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ የምትዪውን እሰማለሁ» አሉኝ። ስገባ ሌሎቹ ቀጂዎች በር ላይ ቆመው፣ «አደራሽን!» አሉኝ። ለሃይድሮጅን ልሟገት ጉሮሮዬን ጠርጌ ገባሁ።

አንዋር ኮምፒውተሩን ከፍቶ አሳምሮ አስረዳ። አንዴ የሞላ የሃይድሮጅን መኪና ሐዋሳ ደርሶ ይመለሳል አለ። ሐጂ ጺማቸውን እያሻሹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ይሄኔ ነው ዕድሜ ልኩን የለመደው አፌ የቀደመኝ።

«ዜሮው የት ነው?» አልኩ።

«ምን አሉ እትዬ?»

«ቆጣሪህ ከየት ነው የጀመረው? ከመኪናው ታንከር ነው ወይስ መብራቱ ከሚመነጭበት ከግድቡ?»

ምላሴን በቆረጠው! አንዋር እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳ። ዋሽቶ ማለፍ ይችል ነበር፣ ከመካከላችን የሚያርመው ሰው አልነበረም። አልዋሸም። «ከግድቡ ከተቆጠረ...» አለ ቀስ ብሎ፣ «ውሃው ሲሰነጠቅ ኃይሉ ይቀንሳል። ጋዙ ሲታመቅም ይቀንሳል። መኪናው ውስጥ ተመልሶ መብራት ሲሆን ደግሞ ይቀንሳል። ያንኑ መብራት በቀጥታ ባትሪ ብንሞላበት የበለጠ መንገድ ያስኬዳል።»

«ቆይ ቆይ፣ ተመልሶ መብራት?» አለ ታደለ። «መኪናው በኤሌክትሪክ ነው እንዴ የሚሄደው?»

«አብዛኞቹ፣ አዎ።»

«ታዲያ የእኔው መኪና ናታ! ዙሪያ ጥምጥም ሄዳ የመጣች!» ብሎ ከወንበሩ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ።

አንዋር በቀላሉ እጅ አልሰጠም። ጭነት ይዘው ረጅም መንገድ ለሚሄዱ፣ የባትሪው ክብደት ለሚያስቸግራቸው ከባድ መኪኖች ሊያዋጣ ይችላል አለ። «ለአዲሱ ገበያ ታክሲስ?» ብለው ሐጂ ጠየቁት። ኮምፒውተሩን ከደነና፣ «አጎቴ፣ ለእርስዎ ግቢ አሁን አልመክርም» አላቸው።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ወላሂ፣ ይቺን ጥያቄ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አሉ። የእርሳቸው ጥሪት ተረፈ። የእኛ ሥራ እዚያው ክፍል ውስጥ አበቃ። በር ላይ የነበሩት ጓደኞቼ ፊቴን አይተው መንገድ ለቀቁልኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

መሰኪያዎቹ ተተከሉ። ሾፌሩ ራሱ ይሰካል፣ ራሱ ይነቅላል፣ በስልኩ ይከፍላል። ጓደኞቼ አንዳንዶቹ ሌላ ማደያ ገቡ፣ ሌሎቹ ጉሊት ጀመሩ። እኔን ሐጂ ማሰናበት ከብዷቸው «የመሰኪያ ኃላፊ» አሉኝ። ቱቦ የሌለበት የመጀመሪያው ማዕረጌ እሱ ነው። ታደለ እየመጣ፣ «ኃላፊ፣ ልሰካ ይፈቀድልኛል?» እያለ ያሾፍብኛል። ጥቂት ጊዜ ተቀምጬ ጡረታዬን ጠየቅኩ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ታንከሩ ሊቆፈር ሲል የሆነውን ነው። ሐጂ አሮጌ መኪናቸውን ነድተው ማሽኔ ፊት ቆሙ። በዚያ ሁሉ ዘመን «ዜሮ ይመልከቱ» ስላቸው አንድም ቀን ወደ ቆጣሪው ዞር ብለው አያውቁም። «ቅጂ እባክሽ» ነበር መልሳቸው። የዚያን ቀንም እንደ ልማዴ አልኳቸው። በሩን ከፍተው ቀስ ብለው ወረዱ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቆጣሪው ፊት ቆመው ብዙ አዩት።

«አየሁ» አሉ። «አሁን ቅጂ።»

ሙሉ አድርጌ ቀዳሁላቸው።

ለወጣት ቀጂዎች የምላችሁ ይህችን ብቻ ነው። ዜሮው መታየት ያለበት በምንጠላው ነገር ላይ ብቻ አይደለም፤ እንዲያሸንፍ በምንመኘውም ላይ ነው። እንዲህ ማድረግ ሥራን ሊያሳጣ ይችላል። እኔን አሳጥቶኛል።