ለእንግዳ ሽሮ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሥራ አስኪያጁ «የባህል አገናኝ ነሽ» አለኝ። ምንና ምን እንደማገናኝ ስጠይቀው «አረጋውያኑንና አገልግሎቱን» አለ። ዘበኛው «አስተርጓሚዋ» ይለኝ ነበር። የዘበኛው ይሻላል። የሥራ አስኪያጁን ስም አልጽፍም፤ አዳማ ውስጥ ዘመድ አለው፤ ዘመዶቹም ማንበብ ይችላሉ።

ማዕከላችን አረጋውያንን ቀን ቀን ያውላል። አብዛኞቹ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠሩ ልጆቻቸውን ተከትለው ከአርሲ፣ ከወሎና ከሸዋ ገጠር የመጡ ናቸው። እኔ ሐኪም ፊት ኦሮምኛውን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ የማይበሉትን ለወጥ ቤት፣ የሚያፍሩበትን ለነርሷ እነግራለሁ።

አንድ ጊዜ ረጂዎች ሊጎበኙን መጡ። ሥራ አስኪያጁ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ ሲበሉ ፎቶ እንዲነሱለት ፈለገ። በግ አሳረደ። አራጁ ክርስቲያን ነው።

«ሽሮ ይሁን፤ ሁሉም ይበላዋል» አልኩት።

«ለእንግዳ ሽሮ?» ብሎ ሳቀብኝ። እዚሁ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ አለማወቅ አይደለም።

ከአርሲ የመጡት አባባ ሁሴን ስኳር አለባቸው። ነርሷ እንደወትሮው ከምሳ በፊት ኢንሱሊናቸውን ወጋቻቸው። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ንግግር ጀመረ። ምሳው ቆየ። በመጨረሻ ትሪው ሲቀርብ አባባ ሁሴን እጃቸውን ሰብስበው «ቁፌራ» አሉ።

«ምን አሉ?» አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

«ጠግቤያለሁ አሉ።»

«ምን በልተው?»

«ንግግርዎን።»

«ወይዘሮ ጽጌ፣ ለአንድ ቀን ነው፤ ያግባቧቸው እንጂ» አለ በፈገግታ። እንግዳ ፊት አንቱ ይለኛል።

«እርስዎስ ለአንድ ቀን እሳቸው ያረዱትን ይበላሉ?»

ፈገግታው ጠፋ። አባባ ሁሴንን ግንባራቸውን አላባቸው፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሻይ ላመጣ ስነሳ «ካሜራው ፊት አትለፊ» ብሎ አንሾካሾከ። አንቱታው እዚያ ላይ አለቀ።

አለፍኩ፤ መርፌ ተወግተው ሳይበሉ ስለቆዩ ስኳራቸው ወርዷል። ስኳር የበዛበት ሻይና ዳቦ አምጥቼ ብርጭቆውን ይዤ አጠጣኋቸው። ነርሷም መጣች። ትንሽ ቆይቶ መንቀጥቀጡ ተዋቸው።

«ይኼ ቀደም ብሎ ቢመጣ ንግግሩንም በደንብ እሰማው ነበር» አሉኝ በኦሮምኛ። ለሥራ አስኪያጁ ቃል በቃል ተረጎምኩለት።

ፎቶው ላይ ከእኔ ጀርባ በቀር ምንም አልወጣም። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ዳግመኛ እንግዳ ፊት እንዳልቀርብ፣ እንግዳ ሲመጣ ወጥ ቤት እንድውል አዘዘኝ። ዋልኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚያ ቤት ለእንግዳ የቀረበው ሽሮ ነው።

ለአረጋውያን ምሳ ስታስቡ የሚበሉትን አስቀድማችሁ ጠይቁ። መርፌ የተወጋ ካለ፣ ንግግሩን ከምሳ በኋላ አድርጉት።