ዳርት የምወረውርበት ምሰሶ

ዛሬ አንድ አዛውንትን «ዞር በሉ» አልኩ። እፍረቱ እስካሁን አልለቀቀኝም።

መካነ ሰላም ከተማ፣ የድሮው የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ዳርት (ትንንሽ ቀስት ሰሌዳ ላይ መወርወር) እንጫወታለን። የኋላ እግሬን መወርወሪያው ቦታ ላይ ካለው ምሰሶ ሥር ካላስደገፍኩ እጄ አይረጋም። ይህን አቋቋም እስካገኝ ስንት ወር ለፋሁ! (አዎ፣ ምሰሶ የሚደግፈው ጎበዝ ነኝ።)

ሽማግሌው ምሰሶዬን በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር።

«አባባ፣ ጨዋታ ላይ ነን፤ ዞር በሉልን እንጂ!»

«እሽ ልጄ» ብለው ፈቀቅ አሉ። «በሰባ ሰባት ድርቅ የእርዳታ ስንዴ የሚታደለው እዚህ ነበር። እናቴ ይችን ምሰሶ ተደግፋ ተራ ስትጠብቅ ሕይወቷ አለፈ። ባለፍኩ ቁጥር ነካ አድርጌያት ነው የምሄደው።»

«አፉ በሉኝ» ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«አፉ ብያለሁ፤ በል ተጫወት» ብለው ቦታዬን ለቀቁልኝ።

እግሬ ግን እዚያ አልቆም አለ።

እናንተስ፣ የማን ቦታ ላይ እንደቆማችሁ ሳታውቁ ባለቤቱን ዞር በል ብላችሁ ታውቃላችሁ?