ስለ ባሏ የምትመልሰው ሚስት

የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ምላስ የሌላት አይደለችም፤ ግን ባሏ ባለበት ተራ አታገኝም ነበር። እሱ ወሬ ካልጀመረ መቀሱ አይንቀሳቀስለትም፤ ፀጉራቸው ሳያድግ ለጨዋታው ብቻ የሚመጡ ደንበኞች ነበሩት። አንድ ቅዳሜ ሱቁ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ የእናቷን ኩርፊያ እያስመሰለ ሰው ሲያስቅ፣ ደሟ ፈላና «ምላስህን ይቁረጠው!» አለችው። ሁሉም ሳቀ። እሱም ሳቀ።

በዓመቱ ምላሱ ጠርዝ ላይ አልድን ያለች ቁስል ካንሰር ሆና ተገኘች። ሐኪሞቹ የምላሱን ሲሶ ቆርጠው አወጡ፤ የጨረር ሕክምናም ተከተለ። እሷ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ የምታስበው ያቺን ቅዳሜ ብቻ ነበር። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም።

ሱቁ እንደገና ሲከፈት በደሏን ልትክስ አብራው መዋል ጀመረች። ትጠርጋለች፣ ፎጣ ታጥፋለች፣ ከሁሉም በላይ ትመልስለታለች። «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ደህና ነው፣ ተመስገን» ትላለች። «ኳሱን አየህ?» ሲሉት «አይቶ ተናዷል» ትላለች። እሱ አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋል። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ «ላ፣ ራ፣ ካ» እያለ ሲለማመድ እንኳ ትቀድመዋለች።

በሦስተኛው ወር የሆስፒታል ቀጠሮ ንግግር የምታለማምደው ባለሙያ «ለምን አልተሻሻለም? ቤት ውስጥ አያወሩም እንዴ?» ብላ ጠየቀችው።

«ይደክመዋል» አለች ሚስት።

ባለሙያዋ ቀና ብላ አየቻት። ያ እይታ እስከ መንገድ ድረስ ተከተላት፤ እዚያ እንባዋ ቀደማት።

«እኔ ነኝ የረገምኩህ። ያን ቅዳሜ። የኔ አፍ ነው የበላህ።»

ባሏ ቆመ። ከንፈሩን በመሐረብ ጠረገና ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተ፣ «ያንቺ እርግማን ቢይዝ ኖሮ አከራያችን ይሄኔ አፈር በሆነ» አለ።

እያለቀሰች ሳቀች። እሱ ግን አልጨረሰም ነበር።

«አፌን የዘጋሽው ያኔ አይደለም። አሁን ነው።»

በማግስቱ የመጀመሪያው ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ «እህሳ ጌታው፣ እንዴት ከረምክ?» አለ። መልሱ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ባሏ ጀመረ፤ ሁለተኛው ቃል ላይ ተደናቀፈ። ደንበኛው ግራ ገብቶት «ምን አለ?» ብሎ ወደ እሷ ዞረ።

ፎጣ ማጠፏን ቀጠለች። ደንበኛው ጥቂት ጠብቆ ፊቱን ወደ መስታወቱ መለሰ፤ ባሏም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።