ጠማማው መጥረጊያ

የቃጫ ሽታ በሸተተኝ ቁጥር አቃቂ ውስጥ ዓይነ ስውራን መጥረጊያ የሚሠሩበት ቤት ትዝ ይለኛል። ጊዜው ደርግ ነው፤ እኔ ገና ፊደል እቆጥር ነበር። አንድ ቀን ልንገዛ ሄደን እናቴ ደህና ደህናዎቹን ትታ አንድ ጠማማ መጥረጊያ አነሳች።

«እማ፣ ይሄ እኮ ጠማማ ነው» አልኳት።

«ዝም በይ። እኛ ካልገዛነው ማን ይገዛዋል?» አለች በሹክሹክታ።

ሠሪው ጋሽ በቀለ ግን ሰሙን። መጥረጊያውን ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሱትና ማሰሪያውን ፈቱት።

«እትዬ፣ የጠፋው ዓይኔ ነው እንጂ እጄ አይደለም። ነገ ይምጡ፣ አስተካክዬ እሰጥዎታለሁ።»

እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ፣ እጄን ይዛ በፍጥነት ወጣች። ደግ አስባ ለምን እንዳፈረች ግራ ገባኝ። በማግስቱ የላከችው እኔን ነው።

ዛሬም እንዲህ ካለ ቤት ስገዛ፣ የትኛውን ባነሳ ሠሪውን እንደማላስቀይም አላውቅም።