እናታችን አጥሩ ላይ

ነቀምት ውስጥ የሱቅ ማስታወቂያ እየጻፍኩ ነው የምኖረው። ታናሽ እህቴን ብሩሽ አያያዝና ቀለም መቀላቀል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዛሬ ግን ሰው እየዞረ የሚያየው የእሷን የግድግዳ ሥዕሎች ነው።

ክረምቱ እንዳለቀ ባለቤቴ "ሄደን እንይላት እንጂ" ብላ ይዛኝ ወጣች። በከኒሳ ቀሴ የሚባለውን የከተማችንን ሰፈር በእግራችን ዞርን። አንዱ ግድግዳ ላይ ቡና የሚለቅሙ ሴቶች፣ ሌላው ላይ በዝናብ የሚሮጡ ተማሪዎች ተስለዋል። ባለቤቴ በየሥዕሉ ፊት ቆማ ስታደንቅ እኔ ጉድለት እፈልጋለሁ።

"የዚችኛዋ እጅ አልረዘመም?" አልኳት። ትታኝ ወደሚቀጥለው ግድግዳ አለፈች።

የትምህርት ቤቱን አጥር ስንታጠፍ እናታችንን አየኋት። ከሞተች ወዲህ ፊቷን ልስል ብዙ ጊዜ ሞክሬ አቅቶኝ ትቼዋለሁ። እዚህ ግን ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ የታች ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። ገበያ ውስጥ አጠገቧ ጎመን ትሸጥ የነበረች አሮጊት በዚያ ስታልፍ አየቻትና ሳቅ ብላ "አከም ጅርቱ?" ብላ ለሥዕሉ ሰላምታ ሰጠች። እኔ ግን እዚህም ጉድለት ፍለጋ ከንፈሯ ላይ አፈጠጥኩ።

እዚያው ቆሜ ለእህቴ ደወልኩ። "ከንፈሯን እንዲህ ስታደርግ እኔ አይቻት አላውቅም" አልኳት።

"እኔን ስትቆጣኝ ሳቋ እንዳያመልጣት ነበር የምትነክሰው፣ ጋሼ። አንተን መቼ ተቆጥታህ ታውቃለች?"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ከዚያ አልተነቃነቅሁም። በእህቴ የእጅ ጥበብ እንደምቀና አውቅ ነበር። በልጅነቷ በደረሰባት ቁጣ መቅናቴ ግን ለራሴም ገረመኝ።